መሪጌታው አባቴና የጠጉራሞቹ ካሴት

አልዋሸሁም። ልድገመው? አልዋሸሁም። «መካነ ሰላም ያኔ መብራት የት ነበራትና ነው ቪዲዮ ያየኸው?» ትሉኛላችሁ። መብራት ማን አለ? ጀነሬተር ነው ያልኩት። የእናቴ ወንድም አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ካሴት ማጫወቻ ዴኩንና አንዲት ትንሽ ጀነሬተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ያመጣው እሱ ነው። «አባትህማ መሪጌታ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ፊት አይቀመጡም» የምትሉት ደግሞ ቆዩ፣ እመጣላችኋለሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ነገር በማስረዳት ግን ዲሬክተሩን እበልጠዋለሁ።

አጎቴ ቅዳሜ ገባ። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደቡ ላይ ከመርከበኛ የገዛው፣ ያረጀ፣ ምስሉ አልፎ አልፎ በረዶ የሚዘንብበት። ጠጉራቸው ወገባቸው ድረስ የወረደ ፈረንጆች ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት ቆመው ጊታር ይገርፋሉ።

«ሮክ ይባላል» አለኝ አጎቴ። «ድሮ የተቀረጸ ነው። አሁን እነዚህ ሰዎች አርጅተው ይሆናል።»

ከዚያ እቅጩን ነገረኝ። ዕቃውን ይዞ ሲዞር መንገዱ ሊሰባብርበት ነው፤ እኛ ቤት ቢተወው ደስ ይለዋል። መሪጌታ እሺ ካሉ ይቀመጣል፤ እንቢ ካሉ ሰኞ ሲወጣ አጅባር ላለ ሻይ ቤት ይሰጠዋል።

«አብሽር፣ አባትህን አንተ ታሳምናለህ» አለኝ።

እሱ ይሄን ሲለኝ እኔ ለግማሽ ከተማው «ቪዲዮ እኛ ቤት ገብቷል፣ ማየት የፈለገ በእኔ በኩል» ብዬ ጨርሻለሁ። አጅባር ቢሄድ ገበያ መሃል በምን ፊቴ ነው የማልፈው?

እሁድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ምሳቸውን በልተው ጋደም አሉ። እኛ ጀነሬተሩን ከቤቱ ጀርባ አስነስተን በወዲያኛው ክፍል ተቀመጥን። እኔ፣ አጎቴ፣ እናቴና ጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ነን። ነጋዴው ባዶ እጁን አልመጣም፣ ቅርንፉድ ይዟል። እናቴ በዚያ ቅርንፉድ ሻይ ስታፈላ ሽታው ብቻ ጉንፋን ያስለቅቃል። ስኳር ያኔ በቀበሌ ካርድ ነበር፤ አጎቴ ከመንገድ ስላመጣ ግን የዚያን ቀን ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ነው።

ጠጉራሞቹ ሁለተኛውን ዘፈን ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተ። አባቴ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ሁላችንም ተነሳን። እናቴ ፈጥና ብርጭቆ ሞልታ እጃቸው ላይ አደረገች። ትኩስ ሻይ ይዘው አይቆጡም ብላ ነው መሰለኝ።

ተቀመጡ። ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው አዩ።

«እነዚህ ባሕታውያን የየት አገር ናቸው?» አሉኝ።

እኔ ወዲያው ቀዳዳው ታየኝ። ጠጉራም፣ ጺማም፣ የማይክራፎን ዘንግ ይዞ የሚወዛወዝ፣ ከበሮ የሚመታ፣ እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሕዝብ። ለመሪጌታ ይሄ ማሕሌት እንጂ ሌላ ምን ሊመስላቸው ነው?

«የእንግሊዝ ናቸው አባባ። ንግሥ ላይ ናቸው።»

አጎቴን ሻዩ ትን አለው። ነጋዴው «ወላሂ እኔ...» ብሎ ሲጀምር እናቴ አየችው፤ ተወው።

አባቴ ሻያቸውን ፉት አሉ። «ከበሮ መቺው ተቀምጦ ነው እንዴ የሚመታው?»

«እግሩን አሞት ይሆናል።»

«አምስት ከበሮ ብቻውን?»

«ደብሩ ሰው አጥሮት ነው።»

«ያኛውስ መቋሚያውን ሊውጠው ነው?»

«ጾም ላይ ይሆናል አባባ።»

ትንሽ ቆይተው ብርጭቆውን በጣታቸው መምታት ጀመሩ። ከከበሮው ጋር እኩል ነው የሚመቱት፣ አንድም አይስቱም። በቃ፣ ዕቃው ቀረ፣ አልኩ በልቤ። ይሄን እንዳልኩ አንዷ ፈረንጅ ሰው ትከሻ ላይ ወጣች። ልብሷን ላውራ ብል የሚወራ ልብስ የለም።

አባቴ ብርጭቋቸውን ለእናቴ ዘረጉ። «ድገሚልኝ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ንግሡ የማን ነው ያልከኝ?»

የአንድ ታቦት ስም መጥራት አቃተኝ። እኔ፣ አፌ ደክሞት የማያውቀው። እስካሁን የዋሸሁት በጠጉራሞቹ ነው፤ በታቦት ግን ፈራሁ።

«ዘፋኞች ናቸው አባባ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ገና ስትጀምሩ ዘፈኑን ከመኝታዬ ሰምቻለሁ። ታቦት የሌለበት ንግሥ የት አይቼ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እስከ የት እንደምትሄድ ልይ ብዬ። ደግሞ ሻዩ ጣፈጠኝ።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ መሪጌታ፣ እኔ ነገ ለአጅባሩ ሰውዬ...»

«የአጅባሩን ሰውዬ ሻይ ቤቱ ይበቃዋል» አሉ አባቴ። «እዚሁ ይቀመጥ። በጾም አይነካም። ሴትዮዋ ስትመጣ አሳልፏት፣ ብርድም ይበላታል። ይሄ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ንግሥ እንዳያነግሥ።» ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አሁን ያን ከበሮ መቺ እስቲ ወደ ኋላ መልሰው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አድርጓል፣ አልያዝኩትም።»

አጎቴ ሦስት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው አባቴ ያዙት፣ ጉልበታቸው ላይ መትተው አሳዩን።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እኛ ቤት ሻይና ጠጉራሞቹ ናቸው። በቀጣዩ ንግሥ አባቴ ከበሮው ላይ ምን እንደመቱ እኔ አላወራም። ካላመናችሁኝ የዚያን ቀን ደብሩ ግቢ የቆመውን ማንንም ጠይቁ። ወይም የጨርቅ ነጋዴው ሱቅ ሂዱ። «ወላሂ እኔ» ብሎ ይጀምርላችኋል፤ እናቴ አጠገቡ ከሌለች ደግሞ ይጨርስላችኋል።