ጸሎቱና የልብ ትርታው

ዘጠነኛው የእርግዝና ወር ገብቶ ሳለ፣ ሆዴ ውስጥ የነበረው እንቅስቃሴ ከጠዋት ጀምሮ ቀጥ አለብኝ። የምንኖረው ነቀምቴ አጠገብ፣ ዲጋ ነው። ለባሌ እናት ስነግራቸው ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ባጃጅ ጠሩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ የባሌ ዘመዶች ቀድመውን ቆመዋል። እኛ አገር ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

መብራት ስለጠፋ የፅንሱን ልብ ምት የሚያሰማው መሣሪያ አይሠራም። ወጣቷ አዋላጅ ጡሩምባ የመሰለውን የእንጨት ማዳመጫ ሆዴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። ቦታ ቀየረች። አሁንም ቀየረች። ፊቷ ጠቆር ሲል አማቴ አዩና መጸለይ ጀመሩ።

እኔ ያደግሁት ነቀምቴ፣ ከጎጃም በመጡ ወላጆች ቤት ነው። እናቴ ማርያምን ስትለምን ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ጴንጤዎቹ እነ አማቴ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የራሱን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚጸልየው። ኮሪደር ላይ ያሉት ዘመዶችም ተቀበሏቸው፤ ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። አዋላጇ ባልሰማች ቁጥር ፊቷ ይጨልማል፤ ፊቷ በጨለመ ቁጥር እነሱ ይበረታሉ። በፍቅራቸው ብዛት የልጄን የልብ ድምፅ እየሸፈኑብኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ለልጄ የሚያለቅስን ሰው እንዴት ዝም በል ይሉታል? ተናደድኩ፤ በመናደዴም አፈርኩ።

በመጨረሻ አዋላጇ ቀና አለችና፣ «አዮ፣ እናቴ፣ እግዜር ሰምቶዎታል። መስማት ያቃተኝ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ኮሪደሩም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። አዋላጇ ጎንበስ ብላ አዳመጠች፤ አሁንም ራሷን ነቀነቀች። የቀረው ድምፅ የእኔው ነበር፤ ሳጉ ሆዴን ያንቀጠቅጠዋል። አማቴ እጄን ያዙና «ኦብሲ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ በሹክሹክታ። ቻዪው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ትንፋሼን ዋጥኩ።

አዋላጇ ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ የአልጋውን ጠርዝ ቶሎ ቶሎ ይመታ ጀመር።

«ይኸውና» አለች። «ልቡ በደንብ ይመታል። አሁን መጸለይ ትችላላችሁ።»

ማንም አልጀመረም። አማቴ ቀስ ብለው ጆሯቸውን ሆዴ ላይ አስጠጉ። ይስሙ አይስሙ አልጠየቅኋቸውም። ኮሪደር ሙሉ ሰው፣ እሳቸው እስኪነሡ ድረስ ዝም ብሎ ጠበቃቸው።