በይጁቤ መንገድ የደነዘዙ እጆች

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ብርቱካን የሸሚዜን ቁልፎች ስትቆልፍልኝ፣ እንደ ልማዷ «ይኼ የማርቆስ ብርድ ጣትህን ጨረሰው» አለችኝ። ብርዱ እውነት ነው፤ ኅዳር ሲጋመስ የግቢያችን ሣር ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። ጣቶቼ ግን በግንቦት ሙቀትም ያው ናቸው። እሷም ይህን ታውቃለች። ብርዱን የምታነሣው ሌላውን ነገር ላለማንሣት ይመስለኛል።

ወጣት ሳለሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ምድቤ ይጁቤ ነበር። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፤ አይደለሁም ብልም የሚሰማኝ አልነበረም። በእግሬ ስዞር ከከረምኩ በኋላ መሥሪያ ቤቱ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። የዚያን ቀን ደስታዬን አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ሞተሩን አጥቤ፣ ወልውዬ፣ ገበያ መሐል ያለ ጉዳይ ሁለቴ ተመላለስኩበት።

መንገዱ ኮረት የተቀላቀለበት አፈር ነበር። ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ይንሸራተታል እንጂ አይነዝርም። ክፉው በጋ ነው። ዝናቡ ሲያቆም የከብት ኮቴ ያቦካው ሁሉ እንዳለ ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። በግራና በቀኝ ኑጉ ቢጫ ሆኖ፣ የታጨደው ጤፍ እየሸተተ፣ እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ መሪውን እታገላለሁ። ንዝረቱ ከመዳፍ ይነሣና በክርን አልፎ ትከሻ ድረስ ይዘልቃል። ከሞተሩ ወርጄ እንኳ እጄ ለብቻው የሚነዳ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አረፍ ብዬ የገብስ ቆሎ ከኪሴ ላወጣ ስል ጣቶቼ ፍሬውን መለየት አቃታቸው። ዘግኜ ያወጣሁ መስሎኝ እጄን ስከፍት ባዶ ነው። ሳቅኩ። በወጣትነት ሰው በራሱ አካል ይስቃል።

ሲብስብኝ ደብረ ማርቆስ ወጥቼ ሙሉቀን ለሚባል መካኒክ አሳየሁት። ሙሉቀን የሞተሩን ብሎኖች ሁሉ አጠበቀ፤ የጎማውን ነፋስ ቀነሰ፤ የመሪውን ባዶ ቱቦ አሸዋ ሞልቶ ደፈነው፤ እጀታዎቹን ደግሞ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጠቀለላቸው።

«ችግሩ አያያዝህም ነው» አለኝ። «አንቀህ ይዘኸዋል። እንደ እንቁላል ያዘው።»

«በዚያ ቁልቁለት እንደ እንቁላል ብይዘው ገደል ይዞኝ ይገባል።»

«እንግዲያው በየሰዓቱ ውረድና እጅህን አፍታታ።»

ለጥቂት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ። ኋላ ግን የወፈረውን እጀታ ለመያዝ ይበልጥ መጨበጥ ግድ ሆነብኝ። ከመነዳሪውን ፈትቼ የበግ ቆዳ አሰርኩበት። ቆዳው በላብ ረጥቦ ሲደርቅ እንደ እንጨት ሆነ። ስፖንጅ ሞከርኩ፣ ወፍራም ጓንት ሞከርኩ። አዲስ ነገር በሞከርኩ ቁጥር አንድ ሳምንት ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ያው ነው። ሌላ ሞተር እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ፤ የለም አሉኝ። እውነትም አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ከቀትር በፊት፣ አያ ቸኮል የሚባሉ ገበሬ ሰው ላኩብኝ። ላማቸው ምጥ ይዟት ከነጋ ጀምሮ አልወለደችም። ቤታቸው ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠርዝ ላይ ስለሆነ መንገዱ ከሁሉ የከፋ ነው። እንደ ደረስኩ ሞተሩን ጥዬ ሮጥኩ። ላሚቱ ግንባረ ነጭ ቦራ ነበረች፤ ጎኗን ሰጥታ ተኝታ ታቃስታለች። ባለቤታቸው እማማ ጥሩዬ አንገቷን ያሻሻሉ።

እጄን በሳሙና ታጥቤ ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ጥጃው እዚያ አለ፤ አንድ ነገር እጄን ሲገፋው ክርኔ ያውቃል። ጣቶቼ ግን ምንም አይነግሩኝም። የፊት እግር ይሁን የኋላ፣ አፍንጫ ይሁን ጅራት፣ ሁሉም አንድ ሆነብኝ። ግራ እጄን ሞከርኩ። ያው ነው። ሙቅ ውኃ አስመጥቼ ነከርኳቸው፣ ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ፣ ደግሜ ሰደድኩ።

«ምን አገኘህ ልጄ?» አሉ አያ ቸኮል።

«እጄ አልሰማ አለኝ።»

«እጅህ ለአንተ ካልሰማ ለማን ይስማ?» አሉ። ሊሰድቡኝ አልነበረም፤ ግራ ገብቷቸው ነው።

«አያ፣ እርስዎ እጅዎን ያስገቡ። እኔ እነግርዎታለሁ።»

ክንዳቸውን እስከ ትከሻ ገልጠው አስገቡ። እኔ ከጎናቸው ተንበርክኬ እጠይቃለሁ። እግሩ አንድ ነው ሁለት? መጋጠሚያው ወዴት ይታጠፋል? ሰውዬው ዐይናቸውን ጨፍነው እየዳበሱ ይመልሳሉ፤ «ይኼ ጉልበት ይመስላል... አይ፣ ቁርጭምጭሚት ነው... አንተ ዶክተር፣ እኔ ምን ዐውቃለሁ!» የኋላ እግሩ ታጥፎ መቅረቱን የተረዳነው ብዙ ቆይተን ነው። እሳቸው እንደ ምንም አቃንተው ገመድ ሲያስገቡ፣ ከእማማ ጥሩዬ ጋር ሦስት ሆነን ሳብን። ጥጃው ወጣ። ሞቶ ነበር።

ላሚቱ አልተነሣችም። መርፌ ወጋኋት፣ ጨው በውኃ በጥብጠን አጠጣናት። ደሙ አልቆም አለ። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አንገቷን መሬት ላይ ዘረጋች።

እማማ ጥሩዬ አላለቀሱም። በሶ በጥብጠው አመጡልኝ። ዋንጫው ከእጄ ሊወድቅ ሲል አይተው በሁለት እጃቸው ደግፈው አጠጡኝ። «መንገደኛ ባዶ ሆድ አይሄድም» አሉ። ያቺ ላም የቤቱ ብቸኛ ወተት መሆኗን የሰማሁት ስወጣ ከጎረቤት ነው።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ «ሞተሩን ተው» አለኝ። አለቃዬን ብነግረው «ያለ ሞተር ይኼን ሁሉ ቀበሌ በምን ታዳርሳለህ?» አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። እስከ ፋሲካ እየነዳሁ ቆየሁ። ከዚያ መርፌ መያዝ ስላቃተኝ መድኃኒት ቤት አስቀመጡኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ጠርሙስ ስደረድር ኖርኩ። ሐኪሙ ካረፍክ ቀስ በቀስ ይመለሳል ብሎኝ ነበር። አልተመለሰም።

አንዳንዴ ያኔ የተሻለ ነገር ባገኝ ኖሮ እላለሁ፤ የተሻለ እጀታ፣ የተሻለ ጎማ። ዛሬ በከተማው የማያቸው ሞተሮች ለስላሳ እጀታ አላቸው። ነጂዎቹ ግን ሲወርዱ እጃቸውን ያራግፋሉ። መንገዱን አውቀዋለሁና ሞተሩን ተዉ ልላቸው አልችልም። ብላቸውስ በምን ይሂዱ?

ባለፈው ቅዳሜ ለዘመድ ጉዳይ ይጁቤ ወርጄ ገበያ ውስጥ እማማ ጥሩዬን አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። አያ ቸኮል ካረፉ ቆይቷል፤ በዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ ላም አልገባም። እሳቸው ግን አወቁኝ፣ ጉንጬን ሳሙ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ረጅም ጊዜ ይዘውኝ ቆዩ። እኔ ቁልቁል አየሁ፤ ጥብቅ አድርገው ይዘውኛል። እጃቸው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አላወቅኩም።