ያላረጀው ሞደም

እስቲ መሰላል ላይ የተንጠለጠለውን ይህን ሰውዬ እዩት። የመስመር ሳጥኑን ክዳን እንደያዘ ፊቱ አመድ መስሏል። ባልደረቦቹ «ቶሎ» ይሉታል፤ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ጠጋኝ ነው፤ በቀን አሥራ አንድ ቤት አዳርሶ የሚገባ።

እንዴት እንደሚያዳርስ ልንገራችሁ። ደንበኛ «ኢንተርኔቴ ተንቀራፈፈ» ሲለው ከመኪናው መሰላል አያወርድም። ሞደሙን በጣቱ መታ መታ ያደርግና «ይሄማ ጃጅቷል፤ ይቀየር» ብሎ ፎርም ያስፈርማል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ በጣም ያረጀ ሞደም መስመሩ ያመጣውን ፍጥነት አንቆ ያስቀራል። መስመሩ ራሱ ከታመመስ? ጉድጓዱ ደርቆ ባልዲ ቢቀያይሩ ውሃ አይቀዳ!

ከሦስት ወር በፊት ለአናጢው ሚስትም ይህንኑ አላት።

«ለባሌ እንዳትነግረው! እኔም ጃጅቻለሁ፤ ቀይሩልኝ ይላችኋል» ብላ ሳቀች።

አናጢው መስማት የተሳነው ነው። ሌላ ከተማ ያለችው አንዲት እህቱም እንደሱው ናት። ወሬያቸው በእጅ ነው፣ በቪዲዮ። እኛ ስልክ ሲቆራረጥብን «ምን አልክ?» እንላለን፤ እነሱ ጋ ምስሉ ሲደርቅ እጅ አየር ላይ ይቀራል፣ ቃሉም አብሮ ይቀራል። አዲስ ሞደም ተገዛ። እጆቹ ያው እንደደረቁ ናቸው።

ዛሬ ሚስቲቱ በር ላይ ጠበቀችው።

«ና እስቲ ወንድሜ፣ አዲሱንም ጃጀ በለኝ! መብራቱ ያምራል፤ ሌላ ያየሁበት ነገር የለም። እህቱ ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ትገባለች። ትናንት ከነገረችው ግማሹን እንኳ አልያዘም። ይኸው እንጨት መላግ ትቶ ግድግዳ ያያል።»

ጠጋኙ መስመሩ ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ መለኪያውን ሰካ። ፍጥነቱ ሞደሙ ጋ ሳይደርስ ወድቋል። መሰላሉን አቁሞ ሳጥኑን ከፈተ፤ ፊቱ አመድ የመሰለው ያኔ ነው። ሁለት የመዳብ ሽቦዎች ተጠማዝዘው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል፤ ውስጣቸው አረንጓዴ ዝጓል። የናስትሮው ጫፍ እንደ ምላስ ታጥፏል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። አምና ዝናብ ሲያባርረው «ለጊዜው» ብሎ ጠቅልሎት የሄደው እሱ ራሱ ነው።

ቆርጦ ጣለው፤ በደንቡ አገናኘው። ወርዶ ነገሩን ለማጣራት አሮጌውን ሞደም ከሙጫ ቆርቆሮዎች ስር አውጥቶ ሰካው። አናጢው ደወለ፤ እህትየው በቪዲዮው ብቅ አለች። እጆቿ አንዴም ሳይደርቁ ሮጡ። አናጢው እያነባ በእጁ መለሰላት። አዲሱንም ሰካው፤ ከአሮጌው የተለየ ነገር አላመጣም።

«እጅህ ይባረክ!» አለችው ሚስቲቱ።

የትኛው እጅ? ጆሮው ድረስ ጋለ።

አናጢው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ በጣውላ ቁራጭ ላይ ጻፈ፦ «ሞደሙ ነበር?»

ቶሎ እርሳሱን ተቀበለ። «እኔ ነኝ» ሁለት ቃል ናት። እሱ ግን «መስመሩ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ቀና ብሎም አላየው። አናጢው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው መሬት ብትውጠው በወደደ። ከሦስት ወር በላይ ወንድምና እህት ቃል እየተነጠቁ የኖሩት በዚያ እጅ ነበር፤ ያንኑ እጅ አስመርቆ ወጣ።

እናንተም፣ አንዱ መጥቶ «ሞደማችሁ አርጅቷል» ሲላችሁ ፎርሙን አትፈርሙ። «መስመሩን ለክተኸዋል?» በሉት። ከለካ አመስግናችሁ ቀይሩ፤ ካልለካ ግን፣ እባካችሁ፣ መሰላሉን ሳያወርድ እንዳታሰናብቱት።