አውድማው ላይ የተከልኩት

«እዚያ ነፋስ የለም» አለኝ መሐንዲሱ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ካርታ በእስክሪብቶ እየነካካ። አሽዶድ ከተማ ውስጥ አንድ መጋዘን ኤሌክትሪክ እጠግናለሁ፤ እሱ አለቃዬ ነው። ጎንደር ገጠር፣ አክስቴ መንደር፣ ትንሽ የነፋስ መብራት ልተክል እንዳሰብኩ ነግሬው ነበር። ምክር ነው የጠየቅሁት እንጂ ፈቃድ አይደለም። «ድካምሽ ከንቱ ነው» ሲለኝ እልህ ያዘኝ።

ነገሩ የእናቴ ነው። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ስትወጣ ለእህቷ ሳትነግር ነው የወጣችው። ያኔ መንገዱ ምስጢር ነበር፤ ለማይሄድ ሰው አይነገርም። አክስቴ ደግሞ ባሏ ዘንድ፣ ሌላ መንደር ነበረች። ደህና ሁኚ ሳይባባሉ አርባ ዓመት አለፈ። አሁን ስልክ አለ ይባላል። መብራት በሌለበት አገር ስልክ ምን ሊረባ? ለመሙላት ከተማ ድረስ ግማሽ ቀን ይኬዳል። እናቴ አሽዶድ፣ ሮቫ ሄ ሰፈር ካለው ቤታችን ሆና ትደውላለች፤ ሰላምታው ሳያልቅ ድርግም ይላል። እሷ ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ አክስቴ ታላቋ ናት። እንዲህ እንደተቆራረጡ እንዲሞቱ አልፈቅድም፤ ካርታውም ቢፈቅድ እኔ አልፈቅድም።

መሐንዲሱ ያለውን ለእናቴ ነገርኳት። «ነፋስ ከሌለ ምርቱን ከገለባው ማን ይለይላቸዋል? እሱ ሄዶ እፍ ይልላቸዋል?» አለች። «አውድማ የትም አይለቀለቅም፣ ነፋሱ ታይቶ ነው። አውድማው ላይ ትከይው።»

ታኅሣሥ ላይ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ሞተሩን በሻንጣ ይዤ ገባሁ፣ ክንፎቹን እዚያው አናጢ ከዋንዛ ጠረበልኝ። ታዲያ ከእኔ ወዲያ አዋቂ ላሳር አይደል፣ ሽቦው እንዳይረዝም ብዬ አክስቴ ደጃፍ ተከልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ተገትሮ ዋለ። ጎረቤቱ «የወፍ ማስፈራሪያ ነው እንዴ?» እያለ አላገጠብኝ። መሐንዲሱ ይህን ቢያይ እያልኩ አንጀቴ አረረ።

በአራተኛው ቀን ነቀልኩና አውድማው ዳር አሸክሜ ወሰድኩት። ከቀትር በኋላ፣ ሰዎቹ መንሻቸውን አንስተው እህሉን ወደ ላይ መበተን ሲጀምሩ፣ ነፋሱ መጣ። ክንፉ ዞረ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ሽቦዬ እስከ ቤት ስለማይደርስ ባትሪው እዚያው ይሞላና በአህያ ይወሰዳል። በአህያውም ሳቁብኝ። ይሳቁ፣ መብራቱ ቤት ገብቷል። መሐንዲሱም ካርታውን ያርም።

አሽዶድ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን እናቴ ለእህቷ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌላት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰላምታው አለቀ፣ ስልኩ ግን አልጠፋም። ከዚያ አክስቴ ጀመረች። «አንቺ ክፉ፣ ሌባ እንኳ ሲወጣ ውሻ ይጮኽበታል። አንቺ ኮሽታ ሳታሰሚ ሄድሽ። እናታችን እስክትሞት በር በሩን ስታይ የኖረችው እኔ ዘንድ ነው። ምን እላት ነበር?» እናቴ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ስድቡ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሆነ። አላስቻለኝም፣ ስልኩን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ እናቴ መታችኝ።

«ተያት» አለችኝ። «ትናገር። እስከ ዛሬ ባትሪው አልበቃትም ነበር።»