የጭንቅሌ ፓስወርድ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ጭንቅሌ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የጉዳይ ማስፈጸሚያ ቢሮ ከፍቶ ንግድ ፈቃድ ማሳደስ፣ ግብር ማሳወቅ፣ ልጅ ማስመዝገብ፣ ብቻ በኢንተርኔት የሚያልቅ ነገር ሁሉ ለሰው ይጨርሳል። ይጨርሳል የሚባለው ለወጉ ነው፤ የምትጨርሰው እሷ ነበረች። ደንበኛው ገና ደረጃውን ሲወጣ በኮቴው ትለየዋለች፤ ወንበር ስቦ ሳይቀመጥ ፓስወርዱን ከጭንቅላቷ አውጥታ ገጹን ከፍታ ትጠብቀዋለች።

"የኛ ኮምፒውተር ይቺ ናት፤ መብራት ቢጠፋም አትጠፋም!" እያለ ወንድሟ በሰው ፊት ይስቅባት ነበር። እሷም ደስ ይላታል።

ደንበኛ ሲበዛ ግን ፓስወርዱ ይምታታባት ጀመር። አንዴ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ገጽ ደጋግማ ተሳስታ አስቆለፈችው፤ ሰውየው ደረጃው ላይ ቆሞ አፉ እንዳመጣለት ሰደባት። ያን ሰሞን ነው ፓስወርድ የሚይዝ ነጻ አፕ ፈልጋ የጫነችው። አንድ ዋና ፓስወርድ ብቻ ማስታወስ ነው፤ የቀረውን ራሱ እየሞላ ይከፍታል። የደንበኛውን ሁሉ አስገብታ ስትጨርስ የራሷን ኢሜይልም እዚያው ጨመረች። አፑም ማንም በቃሉ የማይዘው ረጅም ፓስወርድ ፈጠረላት።

ወንድሟን አስቀምጣ ዋናውን ፓስወርድ ነገረችውና አሠራሩን አሳየችው።

"በቃ፣ አንዴ ነክቶ መተው?"

"ይኸው ነው ጋሼ። ቀን ሙሉ የምንደክምበት በአንድ አፍታ ያልቃል።"

"እኔም እችለዋለሁ በይኛ።"

"ሕጻን ልጅም ይችለዋል" አለችው፣ እየሳቀች።

በሳምንቱ ቢሮ ስትገባ ወንበሯ ላይ የወንድሟ ሚስት ተቀምጣለች።

"እማዬን የምታስታምማት ሠራተኛ ሄዳለች" አላት ወንድሟ። "ከእንግዲህ አንቺ ቤት ብትሆኚ ይሻላል። እዚህማ ራስሽ አቅልለሽልን የለ!"

"ጭንቅላትሽም ይረፍበት" አለች ሚስትየው፣ ከስክሪኑ ቀና ሳትል።

እናታቸው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ ሰው ካላገላበጣቸው አይገላበጡም። ጭንቅሌ ቤት ገብታ በስልኳ ኢሜይሏን ልትከፍት ብትል አፑ አልገባ አላት። ዋናው ፓስወርድ ተቀይሯል። በሌላ መንገድ ላስከፍት ብትል ማረጋገጫው የሚላከው ለቢሮው ስልክ ነው። ደወለች።

"ጋሼ፣ የኔን ብቻ ላክልኝ።"

"ደንበኛ ይዣለሁ፤ ሰኞ።"

ሰኞ "ነገ" ሆነ፣ ነገ ደግሞ "ምን ያስቸኩልሻል?" ሆነ። የሚያስቸኩላት ነበራት። ለአንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት በድብቅ ተፈትና፣ ውጤቷን በኢሜይል ትጠብቅ ነበር።

ሲብስባት እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ድርጅቱ ድረስ ሄደች። የቅጥር ኃላፊዋ ስሟን ፈልጋ አገኘችና ግራ ተጋብታ አየቻት።

"አንቺን እኮ ተቀብለንሽ ነበር። የታመመች እናት አለችኝ፣ ሥራውን አልፈልግም ብለሽ ራስሽ አይደለሽ የጻፍሽልን?"

ስክሪኑን አዞረችላት። ጽሑፉ ትሑት ነው፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ከሥሩ ስሟ አለ።

"እኔ አልጻፍኩትም።"

"አዝናለሁ የኔ እህት፤ ቦታው ተይዟል።"

ቤት ስትደርስ ጎረቤቷን አመስግና ሸኘችና አልጋው አጠገብ ቆመች።

"እማዬ፣ ልጅሽ በስሜ ጽፎ ሥራዬን አስቀረብኝ።"

እናትየው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"እሱን አትቆጪው። አንቺ በሌለሽበት መጥቶ ተቀብለንሻል ያሉሽን አነበበልኝ። አይሆንም ብለህ ጻፍላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ከሄድሽ እኔን ማን ያገላብጠኛል?"

ጭንቅሌ አላለቀሰችም። ለገላቸው የሞቀውን ውሃ ከምድጃው አንስታ ደፋችው፤ ከቧንቧ ቀድታ ተመለሰች። ፎጣውን ነክራ ጀርባቸው ላይ ስታሳርፈው እናትየው ጮኹ።

"ኧረ በረደኝ! ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?"

"እንደሚበርድሽ አውቃለሁ" አለችና ፎጣውን እንደገና ነከረችው።

በማግስቱ ወንድሟ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ፓስወርዷን በስልክ ላከላት። ለእናቷ ገላ ግን ከዚያ ወዲህ ውሃ አሙቃ አታውቅም።