ደሉ የዘር ጎተራዋን የከፈተችበት ዓመት

ከናይጄሪያ ድንበር ወዲህ ባለችው በጊዳን ባውሼ መንደር ዝናቡ ማሽላው ሳያፈራ ተቋረጠ። ወንዶቹ የተረፉላቸውን ፍየሎች በርካሽ ሸጠው ሥራ ፍለጋ ወደ ናይጄሪያ ተሻገሩ። መጋቢት ላይ ሴቶቹ የጉንዳን ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ጉንዳን ያከማቸውን እህል ከአፈር እያበጠሩ መብላት ጀመሩ።

ደሉ መበለት ናት። ሴት ልጆቿን ድራ ማሳዋን ብቻዋን ታርሳለች። በጓሮዋ ባለች ትንሽ ጎተራ ለዘር ያስቀመጠችው ማሽላ ነበራት፤ እሷም እንደ ሌላው የጉንዳን ጉድጓድ ስትቆፍር ትውላለች እንጂ ጎተራዋን አትነካም።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ሃሲያ ልጇን ባሹን አዝላ ከጎኗ ትቆፍራለች። ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ አልተሰማም።

«ምነው ዝም አለ?» አለች ደሉ።

«ማልቀስ ትቷል» አለች ሃሲያ ቀና ሳትል። «ለእኔም ይሻለኛል። ሲያለቅስ ምን እለዋለሁ?»

ደሉ ቤቷ እንደገባች ጎተራውን ከፈተች። አንድ ቅል ማሽላ ወቅጣ አጥሚት አፈላችና ሃሲያ ቤት ወስዳ ባሹን በጣቷ አቀመሰችው። በማግስቱ የሙቀጫውን ድምፅ የሰሙ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ማንንም አልመለሰችም።

«ለልጆች ብቻ ነው» አለቻቸው። «እኛ እንቻለው።»

በቀን አንዴ፣ አሥራ አንድ ልጆች።

የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ኢሮ ወሬው ደርሶት ምርኩዙን ይዞ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዘር ይበላል እንዴ?»

«ልጅስ ቁጭ ብለው እያዩት ይሞታል፣ ጋሽ ኢሮ?»

«ዝናብ ሲመጣ ምን ልትዘሪ ነው? አሸዋ?»

«እነዚህ ከሌሉ ለማን ብዬ እዘራለሁ?»

«የአገሩን ራብ አንቺ ልታጠፊው ነው?»

«የአገሩንማ ማን ቻለው። የእኔ ድስት የሚበቃው ለአሥራ አንድ ነው።»

ኢሮ ምርኩዙን ተደገፈ። ዓይኑ ድስቱ ላይ ቀርቶ ነበር። እግሩ አብጧል፤ እሱም የራሱን ዘር አሽጎ ጾሙን ነው የሚያድረው። ደሉ ጭልፋውን አነሳች፤ ልጆቹን አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ኢሮ ቀስ ብሎ ተመልሶ ሄደ። እሷም ያን ቀን እህል በአፏ አልዞረም።

ግንቦት ላይ ኩፍኝ ገባ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ወሰደ፤ አንዱ ባሹ ነበር። ሃሲያ ልጇን ቀብራ በሦስተኛው ቀን መጣችና ዘነዘናውን ከደሉ እጅ ተቀብላ ለሌሎቹ ወቀጠች። ጎተራው እስኪሟጠጥ አብረው ሠሩ።

ዝናቡ ሰኔ ላይ ገባ፤ ደህና ዝናብ ነበር። መንደሩ ዘራ፤ የደሉ ማሳ አረም አበቀለ። እሷ የሰው እርሻ እየኮተኮተች በሚከፈላት ትንሽ እህል ከረመች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ኢሮ አንድ ቅል ማሽላ አምጥቶ ደጃፏ ላይ አስቀመጠ።

«ዘርቼ የተረፈኝ ነው። እንዳትበዪው።»

«ልጅ ካልመጣብኝ» አለች።

ኢሮ ሊቆጣ ብሎ ሳቁ አመለጠው።

ዘራችው፤ ግን ዘግይቶ ስለነበር እኩሌታው ሳያፈራ ደረቀ። የሰበሰበችው እስከ ጥር እንኳ አላደረሳትም። ከዚያ በኋላ ትልቋ ልጇ ወደተዳረችበት መንደር ሄዳ፣ በስተርጅና የልጇን አማቾች እህል እየወቀጠች ኖረች።