እናቴ የሞተችበት ፊልም

እናቴን የገደልናት ከምሳ በፊት ነው፤ ከሰዓት በኋላ የቀጨኔ ሰማይ አይታመንም። ደሙን ከቀይ ሥር ጭማቂና ከማር አዘጋጅቼዋለሁ። የምሠራው የሚያስፈራ ፊልም ነው፤ የሚደግፈው ድርጅት የለም፣ ያለኝ የተዋስኩት ካሜራና ልመና የማይታክተው አፌ ብቻ። እናቴ አቀበቱ ላይ እንደ ወደቀች ዝንብ ማሩን አሽትቶ ፊቷ ላይ ሰፈረ። ዓይኗን ሳትገልጥ "ወይ ጉድ፣ ሞቼም እረፍት የለኝ!" አለች። ዱላ የያዙት የሰፈር ጎረምሶች በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ "ከመጀመሪያው!" ብዬ ጮኽኩ።

ድብደባው ሳይቋረጥ በአንድ ቀረጻ እንዲወጣ ነበር የፈለግሁት። ካሜራ ዓይኑን ካርገበገበ ተመልካቹ እፎይ ይላል፤ እኔ ደግሞ ማንንም እፎይ ላሰኝ አልመጣሁም። ለሳምንታት ተለማመድነው። ዱላዎቹ ስፖንጅ ናቸው፣ ከላይ እንጨት እስኪመስሉ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ። በመጨረሻ የተሳካው ቀረጻ ላይ ጎረምሶቹ እናቴን ሲከቧት፣ ከደቂቃዎች በፊት ሲያሾፉ የነበሩት ልጆች ፊት በካሜራው ውስጥ ሌላ ሆነብኝ። ስፖንጅ መሆኑን እያወቅሁ፣ "በቃ!" ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሸክላ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ጀበናችንን ገዝተው ይሄዱና ከጀርባችን "ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል" ይላሉ። ዛሬም ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ። ለዚህ ነው እናቴ ሰው ሲበላ ካየች፣ ማንም ሳይጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረው። ልጅ ሆኜ ይሉኝታ ይመስለኝ ነበር።

ፊልሙም ይኸው ነው። አንዲት ሸክላ ሠሪ አንዲት ሕፃን ስትበላ ታያለች፤ ሕፃኗ ትታመማለች። ሰፈርተኛው "በላቻት!" ብሎ ሴትየዋን ደብድቦ ይገድላታል። ዱላው ሲወርድ ነርስ እየሮጠች መጥታ "ውሃው ነው! ያሳመማት የምትጠጣው ውሃ ነው!" ብላ ትጮኻለች፤ የሚሰማት የለም። በመጨረሻ ሕፃኗ በመድኃኒት ድና ስትስቅ እናያለን። ሕፃኗ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እናትየዋ ራሷ እያዘለች ታመጣልን ነበር። ሸክላ ሠሪዋን እንድትሆንልኝ እናቴን ስለምናት ግን ብዙ አሰበች። "እናቴን ሲደበድቧት ያየ ሁሉ አላየሁም ነው ያለው" አለችኝ። "እኔን ሰው ሁሉ ካየኝ፣ እሺ።"

ፊልም ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከገምጋሚዎቹ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጨዋ ሰው፣ ሻይ ሁሉ አስመጣልኝ። እኔ ግን ብርጭቆውን አላነሳሁትም።

"እህቴ፣ ጎበዝ ነሽ" አለኝ። "ግን... እ... ማለቴ፣ ደሙ በዛ። ሕፃናትም ሊያዩት ይችላሉ። ድብደባው በሙሉ ይውጣ።"

"ነርሷ እኮ እዚያ ውስጥ ናት።"

"በቃ አብራ ትውጣ።"

"ቡዳ እያሉ የሚሰድቧትስ?"

"እሱማ ይቆይ። እሱ ባህል ነው፤ ማንን ይጎዳል?"

ወይ ባህል! ሰው ማስፈራራት ሥራዬ ነው ብዬ የምፎክር ሴት፣ ከዚያ ቢሮ ፈርቼ ወጣሁ። እምቢ ካልኩ የዓመታት ልፋቴ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እሺ ካልኩ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ገና አላወቅሁም።

ቤት ገብቼ ቆረጥኩት፤ ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ። የነርሷን ጩኸት ነጥዬ ላስቀር ብሞክር ከዱላው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ በአንድ ቀረጻ መሥራት ጣጣው ይህ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ሳጥን ላይ አስቀመጥኩና እናቴንና ጎረቤታችንን ጠራሁ። ጎረቤታችን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መጀመሪያ ላይ ስትስቅ ነበር፤ "እዩዋት ይቺን ባለጌ፣ ተዋናይ ሆናልኝ!" እያለች ጉንጯን ትቆነጥጣታለች።

ስክሪኑ ላይ ሕፃኗ ትበላለች፤ እናቴ ታያታለች። ሕፃኗ ትታመማለች። "በላቻት!" ይላል ሰው። ከዚያ ወዲያው ሕፃኗ ትስቃለች። ሴትየዋ የለችም፣ ልጅቷ ድናለች፣ አለቀ። ገና ያኔ ነው የገባኝ። በገዛ እጄ እናቴን ቡዳ አድርጌያታለሁ። እሷ ስትጠፋ ሕፃን የሚድንባት ቡዳ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ታዲያ በላኋት ማለት ነው?" አለችኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው!" አለች ጎረቤታችን እየሳቀች። የቀይ ሥሩን ድስት ያጠበችው እሷ ናት፤ ስፖንጁንም ከእኔ ጋር ቆርጣለች፤ የማታውቀው ነገር የለም። እጇ ግን ነጠላዋን ስቦ የልጅቷን ፊት ሸፈነ። ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም። ልጅቷ ነጠላውን ልትገፋ ስትታገል አጥብቃ ያዘችው። ከዚያ ምድጃ ላይ የጣድኩት ወጥ አለ ብላ ልጇን እንደተከናነበች ይዛት ወጣች።

ብዙ የሚያስፈራ ነገር ቀርጫለሁ። እንደዚያ ነጠላ ያስፈራኝ ግን የለም።

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። "ዱላዬን መልሺልኝ" አለች።

"እማ፣ ከመለስኩት ፈቃድ አይሰጡኝም። ማንም አያየውም።"

"አይየዋ። ሰው በልቼ ከምተርፍ ተደብድቤ ልሙት።"

መለስኩላት። ፊልሙ እስካሁን ሲኒማ ቤት አልገባም። ጎረቤታችን መንገድ ላይ ስታገኘን እንደ ድሮው ስማን ታልፋለች፤ ልጇን ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ቤታችን ይዛ መጥታ አታውቅም። ልጅቷ ደህና ናት፤ ስትጫወት ድምጿን እሰማለሁ። ግን ሕፃን ናት፣ ሕፃን ደግሞ ያተኩሰዋል፣ ጉንፋን ይይዘዋል። ከአጥሩ ማዶ ስታስል በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ የውጭውን በር እቀረቅራለሁ። እናቴም ለምን እንደምቀረቅረው ጠይቃኝ አታውቅም።